ስለ ካርድ ክፍሉ የተላኩ ሽማግሌዎች

ውባንቺ መርዕድ በምዕራብ ለንደን የአንድ ወረዳ ጤና አስተዳደር የመረጃ ክፍል ኃላፊ ሆና ስትሾም፣ ዋይት ሲቲና አካባቢው ያለ ሐበሻ ሁሉ የገዛ ልጁ የተሾመች ያህል ደስ አለው። ዘመኑ ደርግ አገር ቤት የከረመበት፣ እዚህ ደግሞ ዳኛ የነበረው ሰው ሂትሮው በር የሚጠብቅበት፣ አስተማሪ የነበረው ፓርክ ሮያል ብስኩት የሚያሽግበት ዘመን ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንዷ የራሷ ጠረጴዛ፣ የራሷ ስልክና ስሟ የተጻፈበት በር ስታገኝ ደስ የማይለው ምቀኛ ብቻ ነው። ምቀኞቹም ቢሆኑ ቤቷ መጥተው እንኳን ደስ ያለሽ ብለው፣ የቀረበውን በልተው ሄደዋል።

ሹመቱ ግን ከነጣጣው ነበር የመጣው። እስከዚያ ድረስ የወረዳው ሕፃናት የክትባት መረጃ የሚቀመጠው ምድር ቤት ባለ አንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ሕፃን አንድ ካርድ አለው። የኩፍኙ፣ የፖሊዮው ወይም የትክትኩ ክትባት ጊዜ ሲደርስ አንዷ ጸሐፊ ካርዱን ከመሳቢያው ታወጣና ለእናትየው ደብዳቤ ትልካለች። አሁን ያ ሁሉ ካርድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሊገባ ነው። ውባንቺ የተሾመችው ይህን እንድታቅድና እንድትመራ ነው። ማሽኑ የት ይቀመጣል፣ ጤና ጣቢያዎቹ ከማሽኑ ጋር በምን ይገናኛሉ፣ ማን ይሠለጥናል፣ አዲሱ መቼ ይጀመራል፣ የድሮው መቼ ይዘጋል፤ ይህን ሁሉ ጽፋ ለኮሚቴ ማቅረብ አለባት።

የመጻፉ ነገር አላስቸገራትም። አዲስ አበባ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ስታቲስቲክስ ክፍል የሠራች፣ ለንደን የመጣችውም ያንኑ ልትማር ስለሆነ ቁጥርና እቅድ እንጀራዋ ነው። ያስቸገራት የመጨረሻዋ ነገር ናት። የሚዘጋው የካርድ ክፍል ኃላፊ አቶ ዘርኣጽዮን ነበሩ።

አቶ ዘርኣጽዮን ከአሥመራ ፖስታ ቤት ተነስተው፣ ስደት የሚባለው ነገር ገና ሳይለመድ ለንደን የገቡ ሰው ናቸው። በንጉሡ ጊዜ በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው ከብዙው የአዲስ አበባ ልጅ የጠራ ነው። በጋ ክረምት ከረባት ያስራሉ። ውባንቺ ትምህርቷን ስትጨርስ አገር ቤት ቀይ ሽብር ተጀምሮ፣ ጓደኞቿ «እንዳትመጪ» ብለው ሲልኩባት፣ ሂትሮው አውሮፕላን ስትጠርግ ነው ያገኟት። በፋሲካ ግብዣ ላይ አጠገቧ ተቀምጠው፣ ምን እንደተማረች ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። «ታዲያ መጥረጊያ ምን ያደርግልሻል?» አሉና በሳምንቱ ካርድ ክፍል አስገቧት። የመጀመሪያ ቀን ምሳ አልያዘችም ነበር። ዳቦ በእንቁላላቸውን ለሁለት ቆርሰው አጠገባቸው ያለውን ወንበር ሳቡላትና «ነይ፣ ቁጭ በይ፣ ልጄ» አሏት። ከዚያ ወዲያ እዚያ ወንበር ላይ ስንት ዓመት በላች።

አባቷ አዲስ አበባ ሲሞቱም መርዶውን የነገሯት እሳቸው ናቸው። እንደ አገሩ ወግ ሌሊቱ ሲነጋጋ፣ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ኣብረኸትን ይዘው በሯን አንኳኩ። ስትከፍት ፊታቸውን አይታ ገና ሳይናገሩ ገባት። ያን ቀን ደግፈው የያዟት፣ ለቅሶዋን የተቀመጡላት እነሱ ናቸው። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ውባንቺ ለንደን ውስጥ አባት አላት።

ስለዚህ አቶ ዘርኣጽዮን ወደ ቢሮዋ ብቅ ሲሉ ውባንቺ ከወንበሯ ትነሳለች። አለቃቸው ከሆነች በኋላም ትነሳለች። ፈረንጆቹ ይገርማቸዋል፤ ኃላፊዋ ለሠራተኛዋ ስትነሳ እንጂ ሠራተኛው ለኃላፊዋ ሲነሳ አላዩም። አባትን ለልጅ ማስነሳት ነውር መሆኑን ለፈረንጅ ማን ያስረዳል? የመሥሪያ ቤቱ የበላይ የሆነችው እንግሊዛዊት ሐኪም ግን ሌላ ነገር ነበር የምትጠይቃት።

«ለካርድ ክፍሉ ሰዎች ነግረሻል?» ትላታለች በየሳምንቱ።

«እየተነጋገርን ነው» ትላለች ውባንቺ።

አንድም ቀን አልተነጋገሩም። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ክትባት የለውም። አንድ ቀን ቆርጣ ተነሳችና ምድር ቤት ወረደች። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብላ በደረጃው ላይ ቃሉን ስትለማመድ ነበር። አቶ ዘርኣጽዮን ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«ጥሩ ጊዜ መጣሽ። መሳቢያው ሞላብን እኮ! ለከርሞ የሚወለዱትን የት እናስቀምጣቸው?»

«ጋሼ፣ እኔም የመጣሁት ስለዚሁ...»

«አየሽ፣ አንቺ ሳልነግርሽ ታውቂያለሽ። ይኸው ዋጋውንም ጠይቄያለሁ።»

ሴቶቹ ጸሐፊዎች ሁሉ ቀና ብለው ያዩአታል። ውባንቺ ብዕር ተቀበለችና ለአዲስ መሳቢያ ፈርማ ወጣች። ሊዘጋ ለታቀደ ክፍል አዲስ መሳቢያ ያዘዘች የእቅድ ኃላፊ ብትኖር እሷ ናት። ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋችና በራሷ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

የፈራችው የሳቸውን ቁጣ አልነበረም። በ1967 አባቷ አቶ መርዕድ ምሳ ቀርቦ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ራዲዮ ሲሰሙ ነው ከሥራቸው መነሳታቸውን ያወቁት። ስማቸው ከብዙ ስም ጋር ተጠራ። ቀድሞ የነገራቸው የለም፤ የሚያውቁት ሚኒስትር የለ፣ የቅርብ አለቃ የለ፣ ራዲዮ ብቻ። አባቷ የያዙትን ጉርሻ ሰሐኑ ላይ መልሰው እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ራዲዮ ሲከፈት ክፍሉን ለቀው ይወጡ ነበር። ውባንቺ ያንን ጉርሻ አልረሳችውም። አሁን ደግሞ ተራው የሷ ሆነ።

በአንድ ዓርብ ሐኪሟ ጠራቻት። እቅዱ ሐሙስ ኮሚቴ ይገባል፤ ሰኞ ለየክፍሉ ሁሉ ይበተናል አለቻት። ስለዚህ አቶ ዘርኣጽዮን ሰኞ ጠዋት ሻይ ይዘው ሲቀመጡ የክፍላቸውን መዘጋት ከወረቀት ላይ ያነቡታል ማለት ነው።

«ነግረሻቸዋል አይደል?» አለች ሐኪሟ።

«አዎን» አለች ውባንቺ። ይህን ውሸት ይዛ ወጣች።

ቅዳሜን ስታስብ ዋለች። ማታ ላይ አንድ ነገር መጣላት፤ በመጣላትም ጊዜ እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም አለች። ሽማግሌ ትልካለች። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ይላካል፣ ልጅ ሲጠየቅ ሽማግሌ ይላካል፣ ደም የተቃቡ እንኳ በሽማግሌ ይታረቃሉ። አባት ክፍሉን እንዲለቅ በሽማግሌ ቢለመን ምን ነውር አለው? ሁለት ሰው መረጠች። አንዱ አቶ ሳህሉ፣ ድሮ የአውራጃ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ አሁን ሂትሮው የሌሊት ዘበኛ ናቸው። ሁለተኛው አቶ ሃብተስላሴ፣ ከብስኩት ፋብሪካ ጡረታ የወጡ የአቶ ዘርኣጽዮን የአገር ልጅ ናቸው።

«ሰው ከሥራው ሊነሳ ሽማግሌ ሲላክበት ሰምቼ አላውቅም» አሉ አቶ ሳህሉ። «ግን ጥሩ ነገር ነው። የኛም መንግሥት ቢለምደው።»

«አደራ፣ ቀስ አድርጋችሁ ንገሯቸው» አለች ውባንቺ። «ሌላ ጥሩ ቦታ ይሰጣቸዋል በሏቸው።»

ቦታ እንደሌለ ታውቃለች። እቅዱን የጻፈችው እሷ ናት።

አቶ ሳህሉ የሌሊት ሥራቸውን ጨርሰው ከሂትሮው ሲመለሱ፣ ባልና ሚስቱ ቤተክርስቲያን ሳይሄዱ በጠዋት ሊደርሱባቸው ተስማሙ። አየሩ ይበርዳልና ሁለቱም ጥቁር ካፖርት ለበሱ። ነገሩ የክብር ነውና ባርኔጣቸውን አወለቁ። በወግ ያረጁ ሰዎች፣ እንዲህ ሆነው እሁድ ጠዋት ጎህ ሲቀድ የሰው በር ማንኳኳት ምን ማለት እንደሆነ አንዳቸውም አላሰቡትም። ስንት ዓመት ፈረንጅ አገር ቢኖሩ ነው!

በሩን የከፈቱት ወይዘሮ ኣብረኸት ናቸው። የወይዘሮ ኣብረኸት አንድ ወንድ ልጅ፣ ገብረሂወት የሚባል፣ ከአሥመራ ሜዳ ወጥቶ ከታጋዮቹ ጋር ከተቀላቀለ ብዙ ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። ወይዘሮ ኣብረኸት በየቀኑ በሩ በተንኳኳ ቁጥር የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር። እነሆ በሩ ላይ ቆሟል፤ ጥቁር ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ።

«እንደምን አደሩ» አሉ አቶ ሳህሉ። «ዘርኣጽዮን ተነስቷል? እስቲ እርስዎም ይምጡና ቁጭ ይበሉ።» አቶ ዘርኣጽዮን ከረባታቸውን ሳያስሩ ከደረጃው ወረዱ። አቶ ሳህሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንደ ዳኛነታቸው ከሩቅ ጀመሩ። «መቼም ሰው ሆኖ የማይደርስበት የለም። ሁሉም ከላይ የታዘዘ ነው...»

ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ወይዘሮ ኣብረኸት «ገብረሂወት! ወደይ!» ብለው ልጃቸውን በትግርኛ ጠሩና ደረታቸውን መቱ። ነጠላቸውን ከላያቸው ጣሉ። ጩኸቱ መንገዱን ተሻግሮ የጎረቤት መስኮት አስከፈተ። አቶ ዘርኣጽዮን ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና ግድግዳውን ያዙ። አቶ ሃብተስላሴ «አይደለም! ካርድ ነው! የካርዱ ክፍል ነው!» እያሉ መሀል ቤት ይዞራሉ፤ ማን ይስማቸው። እናት ልጇን እያለቀሰች ስለ ካርድ የሚጮህ ሽማግሌ እብድ ነው የሚመስለው።

ዋይት ሲቲ ስልክ አጠገብ ቁጭ ብላ የምትጠብቀው ውባንቺ ከአቶ ሳህሉ የሰማችው «ቶሎ ነይ፤ አበላሸነው» የሚል ነው። ከበስተኋላው ለቅሶ ይሰማል። ለቅሶውን ስትሰማ ያደረገችው ነገር ምን እንደሆነ ባንድ ጊዜ ገባት። ስልኩን ሳትዘጋው ወጣች። የእሁድ አውቶቡስ አልመጣ ስላላት ባልና ሚስቱ እስከሚኖሩበት እስከ አክተን ግማሹን መንገድ ሮጠች።

ስትደርስ ወይዘሮ ኣብረኸት ሶፋው ላይ ናቸው። የጎረቤት የአየርላንድ ሴትዮ እጃቸውን ይዛለች። የመጡት ስለ ገብረሂወት እንዳልሆነ ነግረዋቸዋል፤ ሰውነታቸው ግን አላመነም። አቶ ዘርኣጽዮን ደረጃው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ውባንቺ ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል በእጃቸው ያዟት።

«ተነሺ። አባትሽን ላረዳሽ ስመጣ የለበስኩትን ካፖርት ታስታውሺዋለሽ?»

«አስታውሰዋለሁ፣ ጋሼ።»

«ልጇን ገደልሽባት። ሞቶ እንደሆነም አናውቅም፤ አንቺ ግን ዛሬ ገደልሽባት።»

ውባንቺ ማልቀስ እንኳ ነውር መሰላት፤ የሰው ለቅሶ የቀማች ያህል።

«ምን እንዲሉኝ ነበር የላክሻቸው?» አሉ።

«አባቴን በራዲዮ ነው ያነሱት። እኔም እንደዚያ እንዳልሆንብዎ ብዬ...»

«ራዲዮ ፊት የለውም። አንቺ ፊት አለሽ። ሳህሉ ክፍሉ ይዘጋል፣ አንተ ግን ሌላ ቦታ አለህ አለኝ። እውነት ነው?»

አቶ ሳህሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። ውባንቺ አዎን ብትል በዚያች ሰዓት ሁሉም ሰው ትንሽ ይተነፍስ ነበር። ልትልም አፏን ከፍታ ነበር። ወይዘሮ ኣብረኸትን አየቻቸውና ተወችው።

«ውሸት ነው» አለች። «እኔ ነኝ እንዲህ በሏቸው ያልኳቸው። ካርዱ ሁሉ ኮምፒዩተር እስኪገባ ሥራውን እርስዎ ይመሩታል። ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ለርስዎ ቦታ የለም። ጡረታ ነው።»

«ልጆቹስ?» አሉ፤ ጸሐፊዎቹን ማለታቸው ነው።

«እነሱ ይሠለጥናሉ። ሁሉም ቦታ አላቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ይኸን ታች ወርደሽ ብትነግሪኝ ሻያችን ሳይቀዘቅዝ ያልቅ ነበር» አሉና ተነስተው ባለቤታቸው ዘንድ ሄዱ።

ሰኞ ወረቀቱ ተበተነ። ሐሙስ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ከአባላቱ አንዱ «ሠራተኞቹ ያውቃሉ?» ሲል ውባንቺ «ያውቃሉ» አለች። እቅዱ አለፈ፣ እጇን ጨበጧት። አንድ ነገር ግን ጨመረችበት፤ ማሽኑ አንድ ጤና ጣቢያ ከመግባቱ በፊት ኃላፊዋ ራሷ ሄዳ፣ ለሠራተኞቹ ማን ምን እንደሚያጣና ማን ምን እንደሚያገኝ ፊት ለፊት ትናገራለች የሚል። ሐኪሟ ይህ በእቅድ ውስጥ ይጻፋል ወይ ብላ ነበር። ይጻፍ አለች ውባንቺ። ከዚያ በኋላ በየጤና ጣቢያው ዞረች። የምትነግራቸው ነርሶች አንዳንዶቹ ተቆጧት፣ አንዷ በሩን ዘግታባታለች። እሷ ግን የተባለችውን ሰምታ፣ የጀመረችውን ሳትጨርስ አትመለስም።

ምድር ቤት ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ከኮሚቴው በኋላ የመጀመሪያ ቀን ስትወርድ አቶ ዘርኣጽዮን ከወንበራቸው ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉ። «እንደምን አደሩ» አሏት። በስንት ዓመት የመጀመሪያቸው ነው። ጸሐፊዎቹ አማርኛ ባይሰሙም መነሳታቸውን አይተው እርስ በርስ ተያዩ።

«ጋሼ፣ ኧረ ይቀመጡ።»

«አለቃዬ ቆመው እኔ አልቀመጥም» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢሆን በወደደች።

ሥራውን አንድ ቀን አላጓደሉም። ሴቶቹን በየተራ ወደ ሥልጠና ላኩ፣ ካርዱን በየሰፈሩ አስለይተው አስገቡ፣ ቤት የለወጡትን ቤተሰቦች በየስልኩ አስፈለጉ። የተጠየቁትን ሁሉ ይመልሳሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ዳቧቸውን ብቻቸውን ይበላሉ። ውባንቺ በወረደች ቁጥር ይነሳሉ። ሐኪሟ አንድ ቀን ይህን አየችና ፈገግ ብላ «በመጨረሻ ኃላፊያቸው መሆንሽን ተቀበሉ» አለቻት። ውባንቺ ቢሮዋ ገብታ አለቀሰች። ለንደን ሙሉ ሰው አላት፤ ቁጭ በይ ልጄ የሚላት ግን አንድ ነበር።

ወይዘሮ ኣብረኸት ቀድመው ይቅር አሏት። በገና ሰሞን አቶ ዘርኣጽዮን በጨርቅ የተጠቀለለ ሕምባሻ ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩና «ከባለቤቴ ነው» ብለው ወጡ። ብቻዋን ቆርሳ በላችው፤ ለአንድም ሰው አላካፈለችም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ካርዱ አለቀ። ለጡረታቸው ፎቅ ላይ ኬክ ተቆረጠ፣ ሐኪሟ ንግግር አደረገች፣ የግድግዳ ሰዓት ተሰጣቸው። አቶ ዘርኣጽዮን በጥሩ እንግሊዝኛ አመስግነው ወረዱ። ውባንቺ ትንሽ ቆይታ ተከተለቻቸው። ምድር ቤቱ ባዶ ነው። በአንድ በኩል እሷ የፈረመችባቸው አዲሶቹ መሳቢያዎች፣ አንድም ካርድ ሳይገባባቸው ቆመዋል። አቶ ዘርኣጽዮን ወንበራቸው ላይ ናቸው። በሩን ስትገፋ፣ ሁለት ዓመት እንደለመደችው፣ «አይነሱ» ልትል እጇን አነሳች።

አልተነሱም።

«እነዚህን መሳቢያዎች ያዘዘው ምን ዓይነት አለቃ ነው?» አሉ ወደ መሳቢያዎቹ እያዩ።

«ፈሪ አለቃ ነች፣ ጋሼ።»

«ነበረች» አሉ። ከረባታቸውን ፈታ አደረጉና አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእግራቸው ሳቡት። ከመሳቢያቸው ዳቧቸውን አወጡና ለሁለት ቆረሱት። «ነይ፣ ቁጭ በይ፣ ልጄ። ምሳ በልተሻል?»

ፎቅ ላይ ኬክ በልታ ነበር። «አልበላሁም» አለችና ተቀመጠች።